የመድን ገንዘቡ የሚተርፈው እንዲህ ነው

ይህን የምነግራችሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ወረዳውን አልጠራም፤ ሆስፒታሉንም አልጠራም። አብረውኝ የሠሩት ሰዎች ዛሬም እንጀራቸው እዚያው ነው። እኔ በአንድ ወረዳ የጤና መድን ሜዲካል ኦዲተር ነበርኩ። ሥራው የስሙን ያህል አያስፈራም። ጤና ጣቢያዎቹና ሆስፒታሉ በየሩብ ዓመቱ «ለአባሎቻችሁ ይህን ያህል አገልግሎት ሰጥተናል፤ ክፈሉን» ብለው የወረቀት ክምር ይልካሉ። ክምሩን ከካርድና ከመድኃኒት ማዘዣ ጋር ማመሳከር፣ ትርፍ የተጠየቀውን መሰረዝ፣ የቀረውን ለሒሳብ ሹሙ ማስተላለፍ የእኔ ድርሻ ነው። ወረዳውን ሙሉ የያዝነው ሦስት ሆነን ነበር፤ አስተባባሪው፣ ሒሳብ ሹሙና እኔ።

እዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው በአደባባይ የሚደረገው ክርክር ግራ ያጋባል። ተቺው «ሌላ ስም የወጣለት ግብር ነው፤ ከድሃ ኪስ ይወሰዳል» ይላል። ባለሥልጣኑ የአባላቱን ቁጥር ያነባል፤ ቁጥሩ በየዓመቱ ያድጋል፤ ይጨበጨባል። ሁለቱም የሚጣሉት ገንዘቡ በሚገባበት በር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን፣ በተለይ ደግሞ ሳይወጣ ስለሚቀረው ገንዘብ የሚጠይቅ አልሰማሁም። የእኔ ጠረጴዛ የነበረው እዚያ ነው።

መሠረቱ የተጣለው ብዙዎች በረሱት ጊዜ ነው። በ1990 ዓ.ም. የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ሲጸድቅ፣ የመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ከታካሚ የሚሰበስበውን ገንዘብ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር መላኩ ቀርቶ ራሱ እንዲጠቀምበት መንገድ ተከፈተ። በእኛ ቋንቋ «የውስጥ ገቢ» ይባላል። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ የሚያንቀን እሱ ነው። የውስጥ ገቢ ማለት በአብዛኛው የመድኃኒት መግዣ ማለት ነው። ሆስፒታል ጥሬ ገንዘብ ካላገኘ ፋርማሲው ይራቆታል።

ከዚያ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 690 መጣ። የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ነበሩ። አዋጁ ለደመወዝተኛው ማኅበራዊ የጤና መድንን ደነገገ፤ መዋጮውም ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ ተባለ። ለገበሬውና በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚባለው ታሰበና በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ሙከራው ተጀመረ። በዚያው ዓመት የጤና መድን ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ አሁን «አገልግሎት» ተብሏል።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ተሳካ? ደመወዝተኛው ጮኸ፤ ገበሬው ከፈለ። የመንግሥት ሠራተኛው በየመሥሪያ ቤቱ ለውይይት ሲጠራ ያልተጠበቀ ነገር ተናገረ። መምህሩ ተነስቶ «ደመወዜ ከቤት ኪራይ አያልፍም፤ 3 በመቶ ቆርጣችሁ የምትልኩኝ መድኃኒት ወደሌለው ሆስፒታል ነው» አለ። የጤና ባለሙያው ራሱ፣ ሥርዓቱን ያገለግላል የተባለው ሰው፣ ከመምህሩ በላይ አጉረመረመ፤ የፋርማሲውን መደርደሪያ ያውቀዋላ። ይጀመራል የተባለበት ቀን ተራዘመ፤ አዲስ ቀን ተቆረጠ፤ እሱም ተራዘመ። እንዲህ ሲንከባለል ከአሥር ዓመት በላይ አለፈው።

በይፋ የሚነገረው ምክንያት «ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» ነበር። እኛ ቢሮ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ የምናወራው ሌላ ነው። ብዙው ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ አሠሪው ማን ነው? ያ ሁለተኛው 3 በመቶ የሚወጣው ከየት ነው? ከዚያው ከግምጃ ቤቱ። የሠራተኛው ጩኸት ለመንግሥት ራስ ምታት ነበር፤ ነገር ግን ጩኸቱ ለበጀት ክፍሉ ሰዎች እፎይታ ሳይሰጥ እንዳልቀረ እጠረጥራለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የማቀርበው ወረቀት የለኝም።

ገበሬው ግን የሥራ ማኅበር የለውም፤ የሚያኮርፍበት አዳራሽም የለውም። መዋጮውም መጀመሪያ ላይ የሚያስፈራ አልነበረም፤ በሙከራ ወረዳዎቹ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት ከ126 እስከ 180 ብር ገደማ። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ካለ ይጨመርበታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ እጥፍ አድጓል፤ በአንዳንድ ቦታ ከሺህ ብር አልፏል። ለማደጉ ምክንያት አለው፤ የመድኃኒትም የሁሉም ነገርም ዋጋ አድጓል። ተቺዎች ሊያነሱት የሚገባው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለት ጥማድ በሬ፣ የባሕር ዛፍ ደንና የቆርቆሮ ቤት ያለው ሰውም፣ መሬት ተከራይቶ የሚያርሰውም እኩል ይከፍሉ ነበር። ሩዋንዳ፣ ልምድ ሊቀሰምባት ሁሉም የሚጠራት አገር፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መዋጮዋን በቤተሰብ አቅም ከፋፍላለች። እኛ ጋ ለመደርደር የሚያስችል መረጃ የለም ተባለ። ለግብርና ለማዳበሪያ ዕዳ ሲሆን ግን የማን ጓሮ ውስጥ ስንት ዛፍ እንዳለ የማያውቅ የቀበሌ ሊቀመንበር አላጋጠመኝም።

«መክፈል የማይችሉ» የሚባሉት አሉ፤ እነሱ በነጻ ይገባሉ ይባላል። በነጻ ግን አይደለም፤ የሚከፍልላቸው ክልሉና ወረዳው ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ደግሞ በጠቅላላው መዋጮ ላይ ድጎማ ይጨምራል፤ ሲጀመር ድጎማው 25 በመቶ ነበር። አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። የወረዳ በጀት ማለት ደመወዝ ማለት ነው፤ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው ለነዳጅና ለአበል እንኳ አያዳርስም። ስለዚህ የድሆቹ ዝርዝር የሚሠራው ከድህነቱ ተነስቶ ሳይሆን ከበጀቱ ተነስቶ ነው። ቁጥሩ ከላይ ይመጣል፤ ለቀበሌዎች ይደለደላል፤ ቀበሌው በስብሰባ ስም ይጠራል። አንዲት ቀበሌ ሠላሳ ቤተሰብ ከተፈቀደላት ሠላሳ አንደኛው ድሃ ድሃ አይደለም። በስብሰባው ላይ ያልተገኘች መበለት ትረሳለች፤ የሚሊሻው አክስት ትታወሳለች። ሁሉም ቀበሌ እንዲህ ነው አልልም፤ ሊቀመንበሩ ቅን ከሆነ ዝርዝሩም ቅን ይሆናል። ሥርዓቱ ግን በሊቀመንበሩ ቅንነት ላይ የቆመ ነው።

የወረዳው ድርሻስ? በዕቅድ ላይ ሁልጊዜ ተመድቧል። ባንክ የሚገባው ግን በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ሰኔ ላይ ነው፤ አንዳንዴም «ለሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገር» ይባላል። ድሆቹ ግን መታወቂያቸውን ይዘው ከመስከረም ጀምሮ ሲታከሙ ነበር። ያ ሁሉ ሕክምና የተሸፈነው ከፋዩ ገበሬ ባዋጣው ነው። መንግሥት ለድሃው እደግፋለሁ ሲል፣ ለብዙ ወራት ድሃውን የሚደግፈው ሌላው ገበሬ ነው ማለት ነው። ይህን በስብሰባ የሚያነሳ አባል ቢኖር አስተባባሪው የሚመልሰው አልነበረውም። ማንም ስላላነሳው ዳነ።

ስለ ምዝገባው ዘመቻ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ይጀመራል፤ ግብረ ኃይል ይቋቋማል፤ በየሳምንቱ ቀበሌዎች በደረጃ ይሰለፋሉ። መጨረሻ የወጣው ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ በስብሰባ ፊት ይቆማል። በእኔ ጊዜ በሕጉ አባልነት በፈቃደኝነት ነበር፤ የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ሰው የመድን ደረሰኝ ሲጠየቅ ግን ፈቃደኝነቱ የቱ ጋ እንደሆነ እኔም አላውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኮታዋ እንዲሞላ ከኪሷ ለጎረቤት ስትከፍልና ከዚያ ለገንዘቧ ደጅ ስትጠና አይቻለሁ።

አሁን ወደ ፋርማሲው መስኮት እንሂድ።

በሆስፒታሉ ፋርማሲ መስኮት ላይ ከአንዲት ባልቴት ጋር የሚደረገው ንግግር በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። «እናቴ፣ ይቺኛዋ አለች፤ እነዚህ ሁለቱ የሉም፤ ከውጭ ይግዙ።» «ልጄ፣ እኔኮ ከፍያለሁ።» «ከፍለዋል፤ ግን የለም።» በማዘዣው ላይ ማህተም ይመታላታል። በአንዳንድ ከተማ ከከነማ ወይም ከቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ጋር ውል አለ፤ እዚያ ትወስዳለች። ውል በሌለበት ከግል ፋርማሲ ገዝታ ደረሰኝ ብታመጣ ይመለስልሻል የሚባል ነገርም አለ። ለዚህ ግን ወደ ወረዳ ከተማ ሁለተኛ መምጣት፣ የመኪና መክፈልና አስተባባሪውን ቢሮው ማግኘት ይጠበቅባታል። አብዛኞቹ አይመጡም።

ይህ የመድኃኒት እጥረት ነው ብላችሁ አትለፉት። በሒሳብ ሹሙ ዓይን እዩት። ሦስት መድኃኒት ታዘዘ እንበል፤ አንዱ 30 ብር፣ ሁለቱ በድምሩ 700 ብር። መስኮቱ ላይ 30 ብሩ ተሰጠ። ሆስፒታሉ እኛን የሚጠይቀው 30 ብር ነው። 700 ብሩ ከባልቴቷ መቀነት ወጣ፤ በእኛ መዝገብ ላይ ግን አልተፈጠረም። እንዲህ ያለ ማዘዣ በሺህ ሲባዛ፣ ዓመቱ ሲዘጋ ፈንዱ ውስጥ ገንዘብ ይቀራል። በሪፖርቱ ላይ «የፈንዱ አቋም ጤናማ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ወረዳው ዋንጫ ይሸለማል። ከሕክምናው ወጪ ትልቁን የቆረጠው የመድን ባለሙያ ዕውቀት ሳይሆን ባዶው መደርደሪያ ነው።

በተቃራኒው ጉድለት የሚያሳዩ ወረዳዎችን ብታዩዋቸው፣ ብዙዎቹ ሆስፒታል በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ሕዝቡ ታከመባቸው፤ ወንጀላቸው ይህ ነው። አስፋልት የማያውቀው፣ ጤና ጣቢያው ሁለት ሰዓት የሚያስኬደው ወረዳ ትርፍ አለው፤ ምክንያቱም ማንም አልደረሰም። የየወረዳውን ቋት አንድ አድርጎ በዞን ወይም በክልል ደረጃ ማዋሃድ ይሻላል የሚባለው ሐሳብ ትክክል ነው፤ መድን ብዙ ሰው ካልያዘ አይቆምም። ውይይቱ ላይ ግን የትርፉ ወረዳ አስተዳዳሪ «የሕዝቤን ገንዘብ ለሌላ አልሰጥም» ሲል፣ ያ ገንዘብ እንዴት እንደተረፈ የሚጠይቀው የለም።

የውስጥ ገቢ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ይመጣል። አባሉ ለሆስፒታሉ በጥሬ ገንዘብ አይከፍልም፤ በዱቤ ይታከማል። ሆስፒታሉ በሩብ ዓመት አንዴ ይጠይቀናል። እኛ እናመሳክራለን። ገንዘብ ካለ እንከፍላለን። የወረዳው ድርሻ ስላልገባ ካዝናው ከሳሳ ግን አስተባባሪው «ይህን ክምር ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት አሳድረው» ይላል። ለማሳደር ምክንያት አይጠፋም፤ የካርድ ቁጥር ያልተጻፈበት፣ የሐኪሙ ፊርማ ያልተነበበ፣ ማህተሙ የደበዘዘ። በዚህ መሃል ሆስፒታሉ ከመንግሥት የመድኃኒት አቅርቦት የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። መደርደሪያው ይራቆታል። ባልቴቷ «የለም» ትባላለች። በሚቀጥለው ዓመት መታወቂያዋን አታድስም፤ «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ትሄዳለች። ጤነኛውም ያያታል፤ እሱም አያድስም። የሚያድሰው ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ ሚስቱ እርጉዝ የሆነች ነው። ያኔ ወጪው ይጨምራል፤ ካዝናው ይበልጥ ይሳሳል፤ ክምሩም ይበልጥ ያድራል።

ሆስፒታሉን ንጹሕ ላደርገው አይደለም። አምስት መድኃኒት ተጽፎ ሁለት የተሰጠበት፣ ክፍያ የተጠየቀው ግን ለአምስቱ የሆነበት ማዘዣ በእጄ አልፏል። አንድ ጓንት ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ አይቻለሁ። በጎረቤት መታወቂያ የሚታከምም አለ። መስመሩን ሳይጠብቅ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይዝ ቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ግማሹን ራሱ እንዲከፍል ደንብ አለ፤ ሪፈር ወረቀቱ ግን በዝምድና እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል። እነዚህን መያዝ ሥራዬ ነበር፤ ስይዝም እደሰት ነበር። ግን ሁሉንም ብትደምሩት ከባዶው መደርደሪያ ጋር የሚወዳደር ገንዘብ አይወጣውም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። የምንጠቀመው መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። የመድን መዋጮ ግን በዓመት አንዴ የሚሰበሰብ ነው፤ የዚያ ዓመት ደረሰኝ ተቆርጦ አልቋል። በየካቲት የከፈለ ገበሬ በነሐሴ የሚገዛለት መድኃኒት በሌላ ዋጋ ነው። ቀጥሎ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት አብዛኛውን ዕርዳታውን አቆመ። የመድኑን ንድፍ፣ ሥልጠናውንና ሶፍትዌሩን ከጅምሩ ሲደግፍ የቆየው የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ከመድረኩ ወጣ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለው ጦርነት መንገድ በተዘጋበት ቀበሌ ደረሰኝ የሚቆርጥ ማን ይሄዳል? ብዙዎቹ የትግራይ የጤና ተቋማት ደግሞ ከዚያ በፊት ከነበረው የትግራይ ጦርነት የወጡት ፈርሰው ወይም ተጎድተው ነው። በእነዚህ ዓመታት የተነበቡት የአባላት ቁጥሮች ላይ ብዙ ጥያቄ ነበረኝ።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «ታዲያ ይፍረስ» የምትሉ ካላችሁ፣ ከእናንተ ጋር አይደለሁም። ተቃዋሚ ፖለቲከኞች ሲያወግዙት እንደ ዝርፊያ አድርገው ነው፤ ይህ ውሸት ነው። በሙከራ ወረዳዎቹ ላይ በኢትዮጵያውያንና በውጭ ተመራማሪዎች የተሠራው ጥናት አባል የሆኑ ቤተሰቦች በመንግሥት ተቋም የመታከማቸው ነገር ከ30 እስከ 41 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። በመጀመሪያው ዓመት ከተጠኑት ቤተሰቦች 41 በመቶው ገብተው ነበር፤ በሁለተኛው 48 በመቶ ሆኑ። እኔም ያመሳከርኳቸውን ካርዶች አስታውሳለሁ። በምጥ ሁለት ቀን ቆይታ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት፣ በሬ ሳይሸጥ ትርፍ አንጀቱ የወጣለት ወጣት። ያለ መድኑ የእነዚህ ሰዎች ዕዳ ለልጅ ልጅ ይተርፍ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ዛሬም ከቤተሰብ ኪስ ነው የሚወጣው፤ መድኑ የመጣው ይህን ሊቀንስ ነው።

የኩላሊት እጥበት አይሸፍንም፣ መነጽር አይሸፍንም፣ ውጭ አገር አያሳክምም የሚለውም ትችት አያሳምነኝም። በዚህ መዋጮ ሊሸፍን አይችልም፤ ይህን ፊት ለፊት መናገር ከማታለል ይሻላል። እሸፍናለሁ ብሎ ውል የገባበትን አለመስጠቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ምክር ቤት ውስጥ ሪፖርት ሲነበብ እጅ የሚያወጣ ሰው ካላችሁ፣ በጆሮው እንዲህ በሉት። የአባላቱን ቁጥር ተው፤ ማንም አይክድህም። ከታዘዙት መድኃኒቶች ውስጥ መስኮቱ ላይ ሙሉ በሙሉ የተሰጡት ስንቶቹ ናቸው በል። መድኑ በዛሬዋ ቀን ለሆስፒታሎች ያለበት ያልተከፈለ ዕዳ ስንት ነው በል። እያንዳንዱ ወረዳ ለድሆቹ የመደበውን ገንዘብ ባንክ ያስገባበትን ቀን፣ ወሩን ብቻ ሳይሆን ቀኑን፣ ጠይቅ። መልስ ባታገኝ አትደነቅ። እኛ በየሩብ ዓመቱ የምንሞላው ቅጽ ለአዲስ አባል ዓምድ አለው፣ ለዕድሳት አለው፣ ለተሰበሰበ መዋጮ አለው፣ ለተከፈለ ሒሳብ አለው። አባሉ ከውጭ ለገዛው መድኃኒት ግን የለውም። እንዲጨመር በስብሰባ ጠይቀን ነበር፤ «ቅጹ ከላይ ነው የሚመጣው» ተባልን፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።